ይግባኝ ሰሚው ባላምባራስ

ፍርድ ቤት ያለበት ከተማ ሁሉ ሁለት ችሎት አለው። አንደኛው ከውስጥ ነው፤ ጠረጴዛና ሰንደቅ ዓላማ አለው፣ ዳኞቹም ደመወዝ ይበላሉ። ሁለተኛው ከውጭ ነው፤ ደመወዝ የለውም፣ ቀጠሮ አያበዛም፣ የቀረበለትን ሁሉ ምሳ ሳይደርስ ፈርዶ ይጨርሳል። ይህን የውጭውን ችሎት የሚመራ ሰው ከየትም አገር አይጠፋም። እርስዎም ያውቁታል፤ ምናልባት አጎትዎ ነው። ሌባ በተያዘ ቁጥር «እኔ ብሆን ኖሮ» ብሎ የሚጀምር፣ ዳኛ በፈረደ ቁጥር ቅጣቱን እንደ ቅርጫ ሥጋ ከፍ ዝቅ አድርጎ መዝኖ «ያንሳል» የሚል ሰው ነው።

የእኛ የሐረሮቹ ክቡር ባላምባራስ ኪዳነወልድ ነበሩ።

እኔ በዚያ ዘመን፣ በሃምሳዎቹ ዓመታት አጋማሽ ላይ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጠረጴዛ ዘርግቼ ማመልከቻ እጽፍ ነበር። ከጠረጴዛዬ አጠገብ አንድ ትልቅ ሾላ አለ፤ ከሾላው ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ ከድንጋዩ ላይ ባላምባራስ አሉ። እግዜር ጎረቤት ሲያድል ለእኔ የደረሰኝ ይህ ነው። ደንበኛዬን አስቀምጬ፣ ብዕሬን አጥቅሼ፣ «ምሕረት ይደረግልኝ ዘንድ በታላቅ ትሕትና» ብዬ ስጀምር ከጀርባዬ «ምሕረት? ለዚህ? አምስት ዓመት ያንሰዋል» የሚል ድምፅ ይመጣል። ደንበኛዬ ፊቱ አመድ ይመስላል፤ አንዳንዱም ተነሥቶ ይሄዳል። ስንት ቀን ሆድ ቁርጠት እሳቸውን ከቤት ባስቀረልኝ ብዬ ተስያለሁ።

የባላምባራስነቱን ማዕረግ ማን እንደ ሰጣቸው የሚያውቅ የለም። ድሮ የኬላ ሹም ነበሩ፣ ይህ እውነት ነው፤ የስንቱን ነጋዴ ጭነት አስፈትተው አስቋጥረዋል። ማዕረጉ ግን ከኬላው ይምጣ ከሾላው አይታወቅም። የነጠቃቸውም ስለሌለ ጸንቶ ቀርቷል። ክረምት ከበጋ የማይወልቅ ቡናማ ካፖርት፣ ባለ ብር እጀታ ከዘራና አንድ እግሩ በክር የታሰረ መነጽር ነበራቸው። ከገጠር የሚመጣ ባለጉዳይ በሩ ላይ እንደ ደረሰ መጀመሪያ እጅ የሚነሣው ለእሳቸው ነው። እሳቸውም አይከለክሉም፤ ከዘራቸውን በትንሹ ከፍ አድርገው ሰላምታውን ይቀበላሉ።

አዲሱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የወጣ ጊዜ መጽሐፉን ገዝተው በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ይዘው ይዞሩ ጀመር። ሲገልጡት ያየ ሰው የለም። አንቀጽ ግን ይጠቅሳሉ፤ ያውም ሳይሰስቱ። አንድ ጎረምሳ ዶሮ ሰርቆ በተፈረደበት ቀን በየትኛው አንቀጽ መቀጣት እንደነበረበት ለተሰበሰበው ሰው በቁጥሩ አስረዱ። ቁጥሩን በልቤ ይዤ ቤቴ ገብቼ ሕጉን ብመለከት በባሕር ላይ መርከብ ስለሚዘርፉ ወንበዴዎች የሚናገር ሆኖ አገኘሁት። በማግሥቱ ብነግራቸው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? ዶሮዋ የተሰረቀችው ወንዝ ዳር ነው አሉኝ።

ፍርዳቸው ሁልጊዜ ምክንያት አለው፣ በዚህ አይታሙም። አህያ የሰረቀው ሁለት ዓመት ሲፈረድበት ያንሳል ያሉት አህያዋ የደረሰባት ድንጋጤ ስላልታሰበ ነው። ጎረቤቷን በዘነዘና የመታችው ሴት ስድስት ወር ሲፈረድባት ያንሳል ያሉት፣ ዘነዘና የተፈጠረው ለበርበሬ ስለሆነ ነው። አንድ ሽፍታ ዕድሜ ልክ ሲፈረድበትማ ዛሬስ ምን ይሉ ይሆን ብለን ከበብናቸው። ከዘራቸውን መሬት ላይ አዞሩ፣ ከዚያ ያንሳል አሉ። ባላምባራስ፣ ዕድሜ ልክ እኮ ነው ብንላቸው፣ «የማን ዕድሜ? ሰውየው እንደሆነ አርጅቷል» አሉን።

ከችሎቱ ውስጥም ቦታ አላቸው፤ ከፊተኛው አግዳሚ በስተቀኝ ጫፍ። እዚያ ተቀምጠው አይናገሩም፣ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ እንጂ። ዳኛው ቅጣት ሲያነቡ ጠረጋው አጭር ከሆነ ቅጣቱ ትንሽ አንሷል ማለት ነው፤ ረዥም ከሆነ አገር ጠፋች ማለት ነው። የመሐል ዳኛው ትምህርት የጠገቡ፣ ገና ጥቁር ጠጉር ያላቸው፣ ትዕግሥተኛ ሰው ነበሩ። ስንት ጊዜ ከወረቀታቸው ቀና ብለው «ባላምባራስ፣ ጉሮሮዎን ውጭ ይጥረጉ» ብለዋቸዋል። ባላምባራስም ተነሥተው፣ ካፖርታቸውን አስተካክለው፣ ችሎቱን ራሳቸው የዘጉት ይመስል ቀስ ብለው ይወጣሉ።

ሚስታቸው ወይዘሮ እልፍነሽ በዚህ ሁሉ አይደነቁም። የቤታቸው ድመት ሥጋ ሰርቃ ባላምባራስ ለዘለዓለም ከቤት እንድትባረር የፈረዱባትን ቀን አጫውተውኛል። ጠዋት በከዘራ አባረሯት። አመሻሹ ላይ ያንኑ ከዘራ ይዘው በአጥር ለአጥር እየሄዱ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በስሟ ሲጠሯት ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። ወይዘሮ እልፍነሽ ይህን ሲነግሩኝ ይስቁ ነበር። እኔ ግን የሾላው ሥር ጎረቤቴ እንዲህ ያለ ሆድ አላቸው ብዬ አላመንኩም፤ ሴት ለባሏ ታዳላለች አልኩ።

በዚህ መሐል ነው የከድር ጉዳይ የመጣው።

ከድር ከሐረር ወጣ ብላ ካለችው ከሶፊ የመጣ ጫት ገበሬ ነው። ክሱ አጭር ነበር፤ ከጎረቤቱ ከዑመር ጋር በመስኖ ውሃ ተራ ተጣልቶ በዶማ እጀታ ክንዱን ሰብሮታል። ዳኛው አድርገሃል ወይ ቢሉት አዎ አለ። ለምን ቢሉት ዝም። ተጸጽተሃል ወይ ቢሉት መሬት መሬቱን አየ። ዑመር ክንዱ በቀርከሃ ታስሮ በአንገቱ ተንጠልጥሎ ቀረበ። እሱም መሰበሩን ሰብሮኛል አለ፣ ከዚያ ወዲያ የምለው የለኝም አለ። ዐቃቤ ሕጉ ይህ ሰው የጸጸት ምልክት የሌለው ልበ ደንዳና ነውና ጠንከር ያለ እስራት ይገባዋል ብሎ ተከራከረ። ለማንም ቢሆን ነገሩ እንዲያ ነው የሚመስለው። ዳኛው ጥፋተኛ ነህ ብለው፣ ቅጣት የሚያቀልልህ ነገር ካለ ሐሙስ ይዘህ ቅረብ ብለው በዋሱ አሰናበቱት።

ባላምባራስ እንደ ወጡ ድንጋያቸው ላይ ተሰየሙ። ያን ቀን በጣም ተቆጥተው ነበር። አንዲት ይቅርታ ከአፉ እንዴት አትወጣም? የሰው ክንድ እንደ እንጨት ሰብሮ እንዴት መሬት ያያል? እሳቸው ቢሆኑ ኖሮ ሦስት ዓመት፤ እሱም ያንሳል። የተሰበሰበው ሰው ልክ ነው ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ለእውነቱ እኔም ነቅንቄያለሁ።

ሰው እየተበተነ ሳለ አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት መጥታ ከባላምባራስ ፊት ተንበረከከችና ጫማቸውን ነካች። የከድር ሚስት ፋጡማ ናት።

«ጌታዬ፣ ሦስት ዓመት አይበሉብን። ይግባኝ ብያለሁ» አለች።

አንዱ ከኋላ ሊስቅ ጀመረና ተወው። ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ከውስጥ ያሉት ሰዎች ሲጠይቁና ሲጽፉ አይታለች፤ ቁርጡን ግን አልተናገሩም፣ ሐሙስ ብለው ሰደዱ። ከውጭ ደግሞ ካፖርት የለበሱ፣ መጽሐፍ የያዙ፣ ሰው ሁሉ እጅ የሚነሣቸው ሽማግሌ ተቀምጠው ሦስት ዓመት ሲሉ ሰማች። እንግዲህ ዋናው የትኛው ነው? እኔም ከሶፊ ብመጣ ዋናው ይሄኛው ይመስለኝ ነበር።

ባላምባራስ ግራ ቀኝ አዩ። «እኔ ብሆን ኖሮ» አሉ፤ አልቀጠሉም። እንደገና «እኔ» አሉ፤ አሁንም አልቀጠሉም። ሕፃኑ ከእናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ የከዘራውን ብር እጀታ ለመያዝ እጁን ዘረጋ። እሳቸውም ሳያስቡት አስያዙት።

«ልጄ» አሉ በመጨረሻ፣ «እኔ ዳኛ አይደለሁም።»

ከጎናቸው በተቀመጥኩበት ዘመን ሁሉ ይህችን ቃል ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም። ለእሳቸው ምን ያህል ከባድ እንደነበረች ከፊታቸው አየሁ፣ አሳዘኑኝም። የሚያሳዝነው ደግሞ ፋጡማ አለማመኗ ነው። ትልቅ ሰው ራሱን አያሞግስም፣ እናውቃለን ብላ ጫማቸውን አልለቅም አለች።

እሺ ብለው ይጠይቋት ጀመር። ባልሽ ለምን አንድ ቃል ይቅርታ አይልም? ለምን አይጸጸትም? ፋጡማ በመገረም አየቻቸው። ታርቀዋል እኮ አለች። ጠቡ በተነሣ ሰሞን የሰፈር ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ ከድር የዑመርን ራስ ስሞ፣ የእርቁ ጸሎት ፋቲሓ ተቀርቶ አልቋል። ፋቲሓ የተቀራበትን ጠብ መልሶ ማንሳት ደግሞ ሐራም ነው፤ ያነሣ ሰው እርቁን አፈረሰ። ከድር አያነሣም። ዑመርም አያነሣም። ሽማግሌዎቹም አያነሡም። መንግሥት አድርገሃል ወይ ሲል መዋሸት አይቻልምና አዎ አለ፣ በቃ።

እኔ ከጠረጴዛዬ ሆኜ ይህንኑ ጽፌ ለዳኛው ላስገባልሽ አልኳት። እምቢ አለች። ይቅርታ ማድረጉን ለመናገር ጠቡን መናገር አለ፤ ጠቡ ደግሞ ተቀብሯል። እሷም ከዚህ በላይ ወላሂ አትናገርም።

«ዓይን ያለው መጥቶ ይይ፣ ጌታዬ። እኔ አልናገርም፣ እርስዎ ይምጡና ይዩ» አለችና ልጇን አስተካክላ አዝላ ሄደች።

በማግሥቱ ጠዋት ባላምባራስ የተዋሷትን በቅሎ እየጎተቱ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሙ። ሶፊ እንሄዳለን፣ አንተ ጸሐፊ ነህ፣ ተነሥ አሉኝ። ማን ሾመኝ? ደንበኛ ይዤ ነበር፤ እግሬንም ያመኛል። ግን ተነሣሁ። ሰውየው በዚያ ሁሉ ዓመት ከሾላው ጥላ ወጥተው የፈረዱበትን ነገር ሊያዩ ሲሄዱ እንዴት ይቀራል? መንገድ ላይ በቅሎዋ ሁለት ጊዜ እሾህ አጥር ውስጥ ይዛቸው ገባች። አንድም ቅጣት አልፈረዱባትም። ያን ጊዜ ነው ነገሩ ከልባቸው እንደሆነ ያወቅኩት።

ሶፊ ስንደርስ የዑመርን እርሻ ጠይቀን ከእርከኑ ጫፍ ቆምን። ጫቱ መሐል አንድ ሰው አጎንብሶ ይኮተኩታል። እርከኑ ላይ ደግሞ ክንዱ የታሰረ ሰው ተቀምጦ በደኅና እጁ በትር ይዞ ያዛል። በስተግራ አድርገው፣ ውሃው ይሰምጣል ይላል። ያኛው ዝም በል፣ አውቃለሁ ይላል። አታውቅም፣ የራስህንም እንዲሁ ነው ያበላሸኸው ይላል ይሄኛው። የሚኮተኩተው ቀና ሲል ከድር ነው። የሚያዘው ዑመር ነው።

አይተውን ሁለቱም ተነሡ። የዑመር ሚስት ሐዋ የማሽላ ቂጣ በወተት አቀረበች፤ ሁለቱ ከአንድ ገበታ በሉ፣ ከድር ለዑመር እየቆረሰለት። ለእኛም ቁጢ ቀዳችልን፤ የቡና ቅጠል ተቀቅሎ ጨው የገባበት፣ ደግ ነገር ነው። ባላምባራስ ስኒውን ይዘው ከድር ይህን እርሻ ከመቼ ጀምሮ እንደሚኮተኩት ዑመርን ጠየቁት። ክንዴን ካመመኝ ጀምሮ አለ። ክንድህን ምን አመመህ አሉት። ዑመር ፈገግ ብሎ ወደ ሰማይ አየ።

«ክንድ ያማል፣ ጌታዬ። አልሐምዱሊላህ፣ ይድናል» አለ።

ከዚያ ወዲያ ስለ ጠቡ አንድ ቃል አልወጣውም። ስለሚፈራው ነገር ግን ሳይጠየቅ ተናገረ። ከድር ሐሙስ ከታሰረ ሁለት ቤት ነው የሚታሰረው። የውሃ ተራ ሰው አይጠብቅም፤ ተራህ ሲደርስ ቦይ ካልከፈትክ ወደ ታችኛው ያልፋል። ዑመር በአንድ እጁ ቦይ አይከፍትም። የከድር ጫት ይደርቃል፣ የእሱም ይደርቃል፤ ሁለቱም ቤት ውስጥ ልጆች አሉ። ከድር ይህ ሁሉ ሲባል ዶማውን ብቻ ያይ ነበር።

ስንመለስ ባላምባራስ የጀጎል ግንብ ሲታየን በቅሎዋን አቆሙና «ሦስት ዓመት ብዬ ነበር» አሉ። ብለዋል አልኳቸው። «ያንሳልም ብያለሁ።» ብለዋል፣ ባላምባራስ። ራሳቸውን ነቅንቀው በቅሎዋን ነዱ። ሌላ ቀን ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። ያን ቀን ግን ከበቅሎዋ ጎን ተጠግቼ ሄድኩ።

ሐሙስ ችሎቱ ሞላ። ባላምባራስ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ ጉሮሯቸውን አልጠረጉም። ዳኛው ከድርን ቅጣት የሚያቀልልህ ነገር አለህ ወይ አሉት። ከድር መሬት አየ። ፋጡማ ዳኛውን አላየችም፤ የምታየው ባላምባራስን ነበር። ዳኛው ተንፍሰው ወረቀታቸውን አነሡና ሊያነቡ ጀመሩ።

«በሕግ አምላክ!»

ከዘራው ወለሉን ሲመታ ሁላችንም ደነገጥን። ፖሊሱ ሊያወጣቸው ተንቀሳቀሰ። በሕግ አምላክ ብሎ የጮኸን ሰው ሳይሰሙ ማለፍ ግን ለዳኛም ይከብዳል። ዳኛው ወረቀቱን ዝቅ አደረጉ፤ ሰልችቷቸው ነበር።

«ባላምባራስ፣ ዛሬስ ምን አነሰብዎ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ባላምባራስ ሳቁ እስኪያልቅ ቆሙ።

«ዛሬ እንዳይበዛ ፈርቼ ነው፣ ጌታዬ» አሉ።

ዳኛው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ይናገሩ አሏቸው። ተናገሩ። አንቀጽ አልጠቀሱም፣ እኔ ብሆን ኖሮ አላሉም፣ መጽሐፋቸውን ቤት ትተውት ነበር። በዓይናቸው ያዩትን ብቻ ተናገሩ፤ ማን እንደሚኮተኩት፣ ማን እንደሚያዝ፣ ማን ለማን እንደሚቆርስ። እነዚህ ሰዎች ዝም ያሉት ልባቸው ደንድኖ ሳይሆን የእርቅ ቃላቸውን አክብረው ነው አሉ። ዐቃቤ ሕጉ ሊነሣ ሲል ዳኛው በእጃቸው አስቀመጡት።

«ስለ ጠቡ አይጠይቋቸው፣ ጌታዬ፤ በሃይማኖታቸው ዘግተውታል። ስለ ጫቱ ይጠይቋቸው።»

ዳኛው ጥቂት አሰቡና ዑመርን አስነሡት። ዘንድሮ ጫትህን ማን ኮተኮተው ቢሉት ከድር አለ። ውሃስ ማን አጠጣው ቢሉት ከድር፣ በእኔ ተራ የእኔን፣ በእሱ ተራ የእሱን አለ። ማን አዘዘው ቢሉት ማንም አላዘዘውም አለ። ዳኛው ወደ ከድር ዞሩ። ታዲያ ለምን አደረግኸው አሉት።

ከድር ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። ጥያቄው ስለ ሥራ ነውና የሚከለክለው ነገር የለም።

«እጅ የለውማ፣ ጌታዬ» አለ።

ሦስቱ ዳኞች ተጠጋግተው ተነጋገሩ። ሲመለሱ አንድ ዓመት እስራት ፈረዱ፤ ግን እስራቱ ለሁለት ዓመት በገደብ እንዲቆይ አሉ። በሁለቱ ዓመት ውስጥ ከሰው ካልተጣላ አይታሰርም፤ ከተጣላ ግን ይገባል። ጠባዩን የሚከታተልና ለፍርድ ቤቱ የሚነግር የታመነ ሰው ያስፈልጋል፣ ማን አለህ ቢሉት ከድር ከመመለሱ በፊት ፋጡማ እጇን ወደ አግዳሚው ጫፍ ዘረጋች። ዳኛው ባላምባራስን አዩ፣ ሊስቁ ፈልገው ተዉት፣ ይቀበላሉ ወይ አሏቸው። ባላምባራስ ተነሡ። ካፖርታቸውን አስተካከሉ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ አጭር ነበር። እቀበላለሁ አሉ።

ሾላው ሥር ሰው ተሰብስቦ ይጠብቃቸው ነበር። ፍርዱ እንዴት ነው፣ ባላምባራስ አሏቸው። ደክሞኛል፣ ነገ ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። እኔም ደስ ብሎኝ ያን ቀን የጻፍኩትን ማመልከቻ ሁሉ አሳምሬ ጻፍኩ።

ከዚያ ወዲያ ባላምባራስ በየወሩ ሶፊ ይወርዳሉ። ሥራቸው ከድር ከሰው አለመጣላቱን ማረጋገጥ ነው፤ እሳቸው ግን እርከኑ ጠመመ፣ ቦዩ ጠበበ፣ ፍየሏ ከሳች እያሉ ሁሉንም ይመረምራሉ። ከድር እሺ ጌታዬ ይላል። ዑመርም አብሮ ይወቀሳል፣ ምንም እንኳ እሱ ያልተፈረደበት ቢሆን። ፋጡማ እስከ ዛሬ ዋናው ዳኛ እሳቸው ናቸው ትላለች። ከውስጥ ያሉት ሊያስሩብኝ ነበር፣ እኒህ ይግባኜን ሰምተው ገላገሉኝ ብላ ለአገሩ ሁሉ ትናገራለች። ባላምባራስ አንድ ጊዜ አይደለሁም ብለው ነበር፤ ሁለተኛ ግን አላሉም። እኔም አልፈርድባቸውም።

ተለወጡ ወይ ለሚል፣ የለም፣ አልተለወጡም። «ያንሳል» እንደ በፊቱ አለ፤ አንቀጹም እንደ በፊቱ ነው። አንድ ነገር ብቻ ተጨመረ። ማንም ይከሰስ ማንም፣ ከመፍረዳቸው በፊት ከዘራቸውን አቁመው «ጫቱን ማን እየኮተኮተው ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ጊደር መጋላ ገበያ ላይ በርበሬ ውስጥ ሸክላ ፈጭቶ ስለሸጠ ነጋዴም ጠይቀዋል። ሰዓት ስለሰረቀ ጎረምሳም ጠይቀዋል። ሰውየው ጫት የለውም፣ ባላምባራስ ሲባሉ፣ አንድ ነገርማ ይኖረዋል፣ ሄዳችሁ እዩ ይላሉ። ሄደው ያዩም አሉ።

የሶፊ ቀናቸው ሲሆን ድንጋዩ ባዶ ይውላል። ለዓመታት የተሳልኩለት ቀን ይህ ነበር፤ ፀጥታ፣ ሰላም፣ የማይሸሽ ደንበኛ። ታዲያ «ምሕረት ይደረግልኝ ዘንድ» ብዬ እጽፍና ብዕሬን አንሥቼ ከጀርባዬ ድምፅ እጠብቃለሁ። ድምፁ አይመጣም። ማመልከቻው ጨው ያጣ ወጥ ይሆንብኛል። አንድ ክረምት ጉንፋን ይዟቸው ሳምንት ቢቀሩማ፣ ጠረጴዛዬን አጥፌ ሎሚና ማር ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ወይዘሮ እልፍነሽ በሩን ከፍተው አዩኝና ሳቁብኝ። ባላምባራስ ከአልጋቸው ሆነው ማሩን ቀምሰው ያንሳል አሉ።

የገደቡ ሁለት ዓመት ያለቀ ዕለት ከድርና ዑመር አብረው ከሶፊ መጡ። ዑመር አንድ ቅርጫት ሙሉ ጊሽጣ ይዟል፤ የያዘውም በዚያው በተሰበረው ክንዱ ነው። ወደ ውስጥ ሲገቡ ፍርድ ቤቱ ለከድር ነፃ መሆኑን ነገረው። ሲወጡ በቀጥታ ወደ ሾላው መጡ። ባላምባራስ የመጨረሻውን ቃላቸውን ለዳኛው ሰጥተው ቀድመው ድንጋያቸው ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ደስ አላለኝም። ሥራቸው አልቋል፤ ከእንግዲህ ሶፊ የሚወስዳቸው ሕግ የለም።

ከድር ጎንበስ ብሎ አመሰገናቸው። ሰዉም እንደ ለመደው ተሰብስቦ፣ በልማዱ፣ እንዴት ነው ባላምባራስ፣ ሁለቱ ዓመት አሉ። ባላምባራስ ወደ ሶፊ የሚወስደውን መንገድ አዩ፤ ቅርጫቱን አዩ፤ የዑመርን ክንድ አዩ።

«ያንሳል» አሉ። ድምፃቸው ቀጥኖ ነበር።

ሰው መሳቅ አልቻለም። እኔም ብዕሬን አስቀመጥኩ። ከድር ከእግራቸው ሥር ቁጢጥ አለ።

«እንግዲያው ይጨምሩብኝ፣ ጌታዬ» አለ። «ጁምዓ የውሃ ተራዬ ነው፤ ቦዩም ጠቧል።»

ባላምባራስ ተነሡ። ካፖርታቸውን አስተካከሉ፣ ከዘራቸውን ቀጥ አድርገው አቆሙ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሰዉ ሁሉ፣ እኔም ጭምር፣ ሳናስበው ተነሥተን ቆምን።

«ሁለት ዓመት ጨምሬብሃለሁ» አሉ።

ይግባኝ ያለ የለም።